አንቱ ያልተባሉት ኃላፊ

የአቶ ኦጁሉን ማረፍ የነገረችኝ ባለቤታቸው ድንቂቱ ናት። ከጌዶ ደውላ፣ «ሌሊሴ፣ ሰውየው ሄደ» አለችኝ። በማግሥቱ ጠዋት ከአምቦ ሚኒባስ ይዤ ሄድኩ።

ቀብሩ ላይ ሰው ሞልቶ ነበር። ከረባት ያሰረ አንድ ጎልማሳ ተነሥቶ የሕይወት ታሪካቸውን አነበበ። «ታጋሽ፣ ሁሉን ቻይ፣ ቂም የማያውቁ» አለ። ድንቂቱ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ወደ እኔ ዞረች። የምታለቅስ መስሎኝ ትከሻዋን ያዝኳት። ሳቋን ነበር የምታፍነው።

አቶ ኦጁሉ ታጋሽ አልነበሩም። ቂምም አሳምረው ያውቁ ነበር። ግን አገራችን ከሌላው ጠቆር ላለ ሰው ሲሞት የምትሰጠው ምስጋና ያው አንድ ነው። ታጋሽ ነበር ትለዋለች፤ ስናዋርደው አልጮኸብንም ማለቷ ነው።

እኔ የማውቃቸው በደርግ ዘመን፣ አምቦ፣ የኅብረት እርሻ ትራክተሮች በሚጠገኑበት ጋራዥ ነው። ጋራዡ ዛሬ የለም። ያኔ ግን ከካቺሲ ድረስ ጭቃ የጠጣ ትራክተር እየተጎተተ ይመጣ ነበር። እኔ ታይፒስት ነበርኩ። ሥራ አስኪያጃችን መርዕድ ይባላል። ያኔ «ጓድ መርዕድ» እያልኩ አንቱ ብዬዋለሁ። የሚገባውን ያህል፣ ከሚገባውም በላይ ብዬዋለሁ፤ ከእንግዲህ አልልም።

አቶ ኦጁሉ የመጡ ቀን ዝናብ ነበር። የባሮ ወንዝ አገር ሰው ናቸው፣ አኙዋክ፤ በጣም ረጅም። የተተኮሰ ካኪ ሱሪ፣ ነጭ ሸሚዝ፣ ከረባት፣ በእጃቸው የቆዳ ቦርሳ። የበር ጠባቂያችን ኦቦ ቶላሳ አንዴ ወደ ላይ አየት አደረጓቸውና፣ «ተሸካሚ በጓሮ በኩል ነው የሚገባው» አሏቸው። እሳቸውም ምንም ሳይሉ በጓሮ ዞሩ፤ ብረት ከሚያራግፉት ወዛደሮች ጋር ሰላምታ ተለዋውጠው፣ የቢሮውን በር ጠይቀው፣ ጎንበስ ብለው ገቡ። በሮቻችን ለእሳቸው ቁመት አልተሠሩም። «እኔ ጎንበስ የምለው ለበር ብቻ ነው» ብለውኛል በኋላ፣ ግንባራቸውን አንዴ ተመተው ሲያሹ።

መርዕድ የሹመት ደብዳቤውን አነበበ። ቀና ብሎ አያቸው። ደግሞ አነበበ። የጥገና ክፍል ኃላፊ ሆነው ተመድበዋል።

«ሌላ ሰው አልተላከም?» አለ።

«መንገድ ላይ ሌላ ሰው አላጋጠመኝም» አሉ።

በማግሥቱ ጠዋት ዋናውን በር ሲገቡ ለኦቦ ቶላሳ ጎላ ባለ ድምፅ፣ «አካም ቡልተን፣ ኦቦ ቶላሳ» አሏቸው። እንዴት አደሩ ማለት ነው፤ በኦሮምኛ፣ ያውም በአክብሮቱ። ማታውን ከወዛደሮቹ ተምረውት ነው። ኦቦ ቶላሳ ከመቀመጫቸው ብድግ አሉ። ሥራ አስኪያጁ ሲገባ ብድግ የሚሉት ስለሚያስገድዳቸው ነበር። ለአቶ ኦጁሉ ግን ምን እንዳስነሣቸው ራሳቸውም የገባቸው አልመሰለኝም።

በዚያ ግቢ ለሁሉም የየድርሻው አክብሮት ነበረው። ሥራ አስኪያጁ አንቱ ይባላል፤ ሒሳብ ሹሙም አንቱ፤ ኦቦ ቶላሳም በዕድሜያቸው አንቱ። የጥገና ክፍል ኃላፊው ብቻ አንተ። ትናንት የተቀጠረ ቅባት ጠራጊ ሳይቀር «ኦጁሉ፣ ና እስቲ» ይላቸዋል። ከኋላቸው የሚጠሩበትን ስም አልጽፈውም። አንባቢ ያውቀዋል፤ አፉ ያላለው ጆሮው ሰምቶታል። እኔ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አንቱ አልኳቸው። ደፋር ሆኜ አይደለም፤ አባቴ ከረባት ያሰረን ሰው አንቱ እንድንል ስላሳደገን ነው።

አስቂኙ ነገር ሌላ ነው። መርዕድ እኛን ኦሮሞዎቹንም አይወደንም ነበር። አንዱ ሠራተኛ አማርኛ ሲናገር አንስታዩን ከተባዕቱ ካምታታ፣ «አማርኛውን ሰበረው፤ ወጌሻ ጥሩ» ይላል፤ አጃቢዎቹም ይስቃሉ። ያ የተሳቀበት ሰው ታዲያ ቅሬታውን ይዞ ወደ ማን የሚሄድ ይመስላችኋል? ዞር ብሎ በአቶ ኦጁሉ ላይ ይቀልዳል። መሥሪያ ቤታችን ዕቃ በማጓደል የታወቀ ነበር፤ ከላይ የወረደለትን ንቀት ግን ሁሉም ሰው ቅንጣት ሳያጎድል ወደ ታች ያስተላልፍ ነበር። በዚህ በኩል የሚነቀፍ ሠራተኛ አልነበረንም።

አንድ ቀን ያችው የወጌሻ ቀልድ ለእኔ ደረሰችኝና ከጽሕፈት መኪናዬ ጀርባ እንባዬን ስጠርግ አቶ ኦጁሉ አገኙኝ።

«ሌሊሴ፣ የሚንቅሽን ሰው አትጥይው» አሉ። «መጥላት ጉልበት ይጨርሳል። መልሰሽ ናቂውና ሥራሽን ሥሪ።»

«መናቅ ኃጢአት ነው ይባላል» አልኳቸው፤ የወንጌላዊ ልጅ ነኝ።

«እንግዲያው እሑድ እሑድ ተዪው» አሉኝ።

እንከን አልነበራቸውም እንዳልል ብዙ ነበራቸው። በልብስ ይመጻደቁ ነበር፤ ጫማቸው ላይ ዘይት ጠብ ካለ ሥራው ቆሞ ጫማው ይወለወላል። ተሳስተው እንኳ ተሳሳትኩ አይሉም። ሰው በሚያዝንበት ቦታ ሳቅ ያመልጣቸዋል። ወዛደሮቹን ሲቆጡ ድምፃቸው አስፋልቱ ድረስ ይሰማል። በኋላ የጌዶዋን ድንቂቱን፣ የጤና ረዳቷን፣ ሲያገቡ እሷም የምትተናነስ ስላልነበረች፣ ቤታቸው ሁለት ከበሮ የሚመታበት ይመስል ነበር።

ሻይ የምንጠጣው እትዬ ጥሩነሽ በሚያስተዳድሩት ክበብ ነው። ለሁላችንም ብርጭቆ አለ። ለአቶ ኦጁሉ ግን በሩ አጠገብ ምስማር ላይ ለብቻው የተሰቀለ የብረት ኩባያ ተመደበ። ማንም ማንንም አላዘዘም። እንዲህ ያለ ነገር ትእዛዝ አይፈልግም፤ እንደ ሻጋታ በራሱ ይበቅላል። አንድ ጠዋት ክበቡ እንደሞላ ኩባያውን ከፍ አድርገው ያዙና ጠየቁ።

«እትዬ ጥሩነሽ፣ ይህ ኩባያ ለምን ብቻውን ተሰቀለ?»

«ያንተ ነዋ።»

«ለምን የእኔ ሆነ?»

«ለንጽሕና ነው» አሉ እትዬ ጥሩነሽ፣ ዓይናቸውን ማንቆርቆሪያው ላይ ተክለው።

«የማን ንጽሕና?»

አንዱ ስኳሩን ያማስላል፣ አንዱ ጣሪያውን ያያል። አቶ ኦጁሉ ኩባያውን ይዘው ወጡ። ጋራዡ ውስጥ ብረት ላይ ፊደል የሚመቱበት መሣሪያ ነበር። ቁጭ ብለው በመዶሻ፣ ቀስ እያሉ፣ ኩባያው ሆድ ላይ «ኃላፊ» ብለው መቱበት። ከዚያ መልሰው እዚያው ምስማር ላይ ሰቀሉት፤ በእሱም መጠጣታቸውን ቀጠሉ።

ብዙ ሳይቆይ ከአዲስ አበባ አንድ የበላይ አካል ለጉብኝት መጣ። ወፍራም፣ ላቡ የማይደርቅ ጓድ ነው። ጠዋቱን ሙሉ ሰብስቦን ስለ ብሔረሰቦች እኩልነት ተናገረ። መርዕድ ከሁሉ ቀድሞ ያጨበጭባል፤ ከሁሉ ኋላ ያቆማል። ከዚያ ሁላችንም ለሻይ ወደ ክበቡ ገባን። እንግዳው በሩን ሲያልፍ ኩባያውን አየ። ፊደሉን አነበበና ሳቀ።

«ኃላፊ የሚለው መቼም ለእኔ ነው» ብሎ ከምስማሩ አወረደው፤ ለእትዬ ጥሩነሽም ዘረጋው።

የእትዬ ጥሩነሽ እጅ ማንቆርቆሪያው ላይ ቀረ። ወደ መርዕድ አዩ። መርዕድ አፉን ከፈተ፤ መልሶም ዘጋው። ምን ይበል? «ጓድ፣ እሱ የጥቁሩ ነው» እንዳይል ገና ጭብጨባው ከእጁ አልበረደም። ሻዩ ተቀዳ። እንግዳው ጠጣ፤ ወደደውና አስደገመ።

አቶ ኦጁሉ ከጥጋቸው ሆነው፣ «ጓድ፣ ሻዩ ይጣፍጣል?» አሉት።

«በጣም።»

«እኔም ሁልጊዜ የምጠጣው በእሱ ነው።»

«ጥሩ ኩባያ ነው» አለ እንግዳው፤ ምንም አልገባውም። ከኋላዬ አንድ ወዛደር ሳቁን ሲውጥ ትን አለው።

በማግሥቱ ኩባያው ከምስማሩ ላይ ጠፋ፤ ለአቶ ኦጁሉም እንደማንኛችንም በብርጭቆ ቀረበላቸው። ለምን እንደሆነ ማንም አልተናገረም። ሒሳብ ሹሙ ብቻ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሻይ ጨጓራዬን ያመኛል ማለት አመጣ።

መርዕድ ግን አልረሳም። ያች አፉን ከፍቶ የዘጋባት ቅጽበት አንጀቱ ውስጥ ቀርታ ነበር። ጥቂት ወራት ቆይቶ የሂስና ግለ ሂስ ስብሰባ ጠራ። እኔ ቃለ ጉባኤ ያዥ ሆኜ ጥግ ተቀመጥኩ።

«በጥገና ክፍል አመራር ላይ የሠራተኛው ቅሬታ አለ» ብሎ ጀመረ መርዕድ።

አቶ ኦጁሉ ተነሡ። «ቅሬታው ምንድን ነው?»

«የአመራር ዘይቤ ነው።»

«ዘይቤ» አሉ አቶ ኦጁሉ፤ ቃሉን እንደ አዲስ ምግብ አፋቸው ውስጥ አገላበጡት። «በአማርኛ የሰው ቆዳ ዘይቤ ይባላል እንዴ? ለእኔ ቋንቋው ሁለተኛዬ ነው፤ ካጠፋሁ ወጌሻ ጥሩልኝ።»

ሁለት ሦስት ሰዎች ሳያስቡት ሳቁና ደነገጡ። መርዕድ ጠረጴዛውን መታ። «ሠራተኛው ይናገር» አለ። ሊናገሩ የተዘጋጁት አጃቢዎቹ ነበሩ። ነገር ግን እጃቸውን ቀድመው ያወጡት ኦቦ ቶላሳ ሆኑ፤ በኦሮምኛም ጀመሩ።

«በአማርኛ» አለ መርዕድ። «እዚህ ገበያ አይደለም።»

ኦቦ ቶላሳ ወደ እኔ ዞሩ። «ኢንተለ ኮ፣ ልጄ፣ አንቺ ንገሪልኝ» አሉና በኦሮምኛቸው ቀጠሉ። ተነሥቼ እያንዳንዱን ቃል ወደ አማርኛ መለስኩት። እንዲህ ነበር ያሉት። «እኚህ ሰው የመጡ ቀን ተሸካሚ መስለውኝ ወደ ጓሮ ሰደድኳቸው። በማግሥቱ በአባቴ ቋንቋ እንዴት አደሩ አሉኝ። ጓድ መርዕድ በዚሁ በር ስንት ክረምት ገብተዋል፤ አንድ ቀን ሰላም ብለውኝ አያውቁም። ቅሬታ አለ ወይ ካላችሁኝ አለኝ። በእሳቸው ላይ አይደለም።»

መጽሐፍ ውስጥ ቢሆን እዚህ ላይ ፍርድ ይገለበጥ ነበር። በእኛ መሥሪያ ቤት ግን ውሳኔው ከስብሰባው በፊት ተወስኖ አድሯል። አቶ ኦጁሉ ከኃላፊነት ተነሡ፤ «አማካሪ» ተብለው ድሮ አሮጌ ባትሪ ይከማችበት የነበረ ክፍል ተሰጣቸው። በቦታቸው የመርዕድ እኅት ባል ተተካ። ኦቦ ቶላሳም ከዋናው በር ተነሥተው ወደ ጓሮው በር ተዛወሩ።

አቶ ኦጁሉ ይለቃሉ ብለን ጠበቅን። አልለቀቁም። በየጠዋቱ ካኪያቸውን ተኩሰው፣ ከረባታቸውን አስረው ይመጣሉ። ወንበራቸውን ከባትሪው ክፍል አውጥተው፣ ልክ ከመርዕድ መስኮት ፊት ለፊት ያደርጉና እግራቸውን አነባብረው ጋዜጣ ያነባሉ። መርዕድ ቀና ባለ ቁጥር ባርኔጣቸውን አንሥተው ሰላምታ ይሰጡታል። የሚያማክራቸው ከሌለ አማካሪ ሌላ ምን ሊሠራ ይችላል? መርዕድ መጀመሪያ ጠረጴዛውን ወደ ግድግዳው አዞረ። ቀጥሎ መጋረጃ አሰቀለ። በመጨረሻ ቀኑን ሙሉ መብራት አብርቶ መዋል ጀመረ፤ የአምቦ ፀሐይ ደጅ ላይ እየነደደ።

«አይሰለችዎትም?» ብዬ ጠየቅኳቸው።

«እኔ ጋዜጣ አነባለሁ» አሉ። «ጨለማ ውስጥ የተቀመጠው እሱ ነው።»

ነገሩ እንዲህ እንዳለ ደርግ ወደቀ። ያ ሰሞን አምቦ የተሸነፈ ሠራዊት መተላለፊያ ነበረች። ጠመንጃውን በሁለት ዳቦ የሚለውጥ ወታደር አይቻለሁ። ጋራዡ በአንድ ቀን ተዘረፈ፤ የበሩ ማጠፊያ እንኳ አልቀረም። ወጣቶቹ ካድሬ እያሳደዱ ነበር፤ ከሚያሳድዷቸውም አንዱ መርዕድ ነው። በየቀበሌው ስብሰባ ላይ ብዙ የሰው ልጅ ለጦር ሜዳ ያስጻፈ ሰው ነበርና ቢያገኙት አይምሩትም።

እኔ ብቻዬን መሆን ፈርቼ ሁሉቃ ወንዝ አጠገብ ወዳለው ወደ አቶ ኦጁሉ ቤት ሄጄ ነበር። ምሳ ሊቀርብ ሲል በሩ ተንኳኳ። ድንቂቱ ከፈተች። ጋቢ እስከ ዓይኑ የተከናነበ ሰው ቆሟል። መርዕድ ነው።

«አቶ ኦጁሉ» አለ፤ በትከሻው ላይ ወደ መንገዱ እያየ። «እርስዎ ቤት ትንሽ እንድቆይ…»

«አንተው በለኝ» አሉት አቶ ኦጁሉ ከተቀመጡበት ሳይነሡ። «አንቱ ካልከኝ ጎረቤት ይጠረጥራል።»

ድንቂቱ በሩን በክንዷ ዘግታ ቆማለች። «ይሄን ሰውዬ ነው ቤቴ የምታስገባው?» አለቻቸው።

«ምሳ ደርሶ የለ? አንድ ሰው ጨምሪ።»

«ኦጁሉ፣ ይሄ ሰውዬ…»

«አውቀዋለሁ፤ ከአንቺ በላይ አውቀዋለሁ። አስገቢው።»

አስገባችው፤ ሰላም ግን አላለችውም። ማስታጠቢያ አምጥታ ውኃውን ቁልቁል እያየች አፈሰሰችለት። ሽሮው በአንድ ትሪ ቀረበ። መርዕድ ትሪውን አየ፤ የአቶ ኦጁሉን ረጃጅም ጣቶች አየ፤ እጁን ጭኑ ላይ አደረገ።

«እኔ እንኳ አልራበኝም» አለ።

ድንቂቱ ከበላዩ ቆማ ክንዶቿን አጣመረች። «እዚህ ቤት የሚደበቅ ሰው ይበላል» አለች።

በላ። የመጀመሪያው ጉርሻ ጉሮሮው ላይ ሲቆም አይቻለሁ። ከዚያ ግን ወረደለት፤ ለካ ርቦት ነበር፣ በጣም ርቦት ነበር። አቶ ኦጁሉ አንድ ቃል ሳይናገሩ የራሳቸውን እየበሉ ከፊቱ ያለው ሲያልቅ ሽሮውን ገፋ ያደርጉለት ነበር።

ወጣቶቹ ገና ትሪው ሳይነሣ ደረሱ። አቶ ኦጁሉ እጃቸውን ጠርገው ወጡ። እኔና ድንቂቱ በሩ ጀርባ ቆመን እንሰማለን። መርዕድ ከአልጋው ሥር ገብቷል።

«መርዕድን አይተዋል?» አለ አንዱ።

«መርዕድን? እኔ ቤት?» አሉ አቶ ኦጁሉ። «እሱ ሰውዬ በዚህ ደጅ ሲያልፍ እንኳ አይታችሁ ታውቃላችሁ?»

ሳቁ። እውነት ነው፤ መርዕድ እዚያ ቤት ይገባል ብሎ የሚያስብ ሰው በአምቦ አልነበረም። ጥላቻውን ከተማው ሁሉ ስለሚያውቅለት ነው ያን ቀን የተረፈው። ወጣቶቹ ወደ ታች ወረዱ።

በማግሥቱ ቀትር ላይ እህል የጫነ መኪና ላይ ተሳፍሮ ወደ አዲስ አበባ ሄደ። ሲሰናበት የአቶ ኦጁሉን እጅ በሁለት እጁ ይዞ የሆነ ነገር ሊናገር ታገለ። እሳቸው እጃቸውን ቀስ ብለው አላቀቁና፣ «መኪናው እንዳያመልጥህ» አሉት።

«ይቅር አሉት ማለት ነው?» አልኳቸው ሲመለሱ።

«ይቅርታ አላደረግኩለትም» አሉ። «ምሳ ነው ያበላሁት።»

«አሳልፈው ቢሰጡትስ ማን ይፈርድብዎት ነበር?»

«ማንም። ግን ቀሪ ዕድሜዬን እሱን መስዬ ልኖር ነዋ፤ ምን ዕዳ አለብኝ?»

ከዚያ በኋላ ከድንቂቱ ጋር ጌዶ ገቡ፤ የወፍጮና የሞተር ጥገና ከፍተው ኖሩ። እኔም በየጊዜው እየሄድኩ እጠይቃቸው ነበር።

ዓመታት ካለፉ በኋላ አዲስ አበባ አንድ ሰርግ ላይ ተጠራሁ፤ ሙሽራው የአጎቴ ልጅ ነው። የሙሽሪትን አባት ሳይ መርዕድ ሆኖ አገኘሁት። ወፍሯል፤ ፀጉሩን አጥቁሯል። እኔን አላወቀኝም፤ የታይፒስት ፊት ማን ያስታውሳል? ጠረጴዛው ዙሪያ ሰው ሰብስቦ በለውጡ ሰሞን ከሞት እንዴት እንደተረፈ ያወራል።

«አምቦ ላይ አንድ ዘመድ ባይኖረኝ ኖሮ ዛሬ ይህን ሰርግ አላየውም ነበር» አለ። «ቤቱ ደብቆ፣ አብልቶ አሳደረኝ።»

«ዘመድዎ ማን ይባላል?» አልኩት።

ዞር ብሎ አየኝ። አየኝ፤ አሁን ያወቀኝ መሰለኝ። ሥጋውን በሹካ አገላበጠው።

«የሩቅ ዘመድ ነው» አለ። «አታውቂውም።»

በሚቀጥለው ቅዳሜ ጌዶ ወርጄ ለአቶ ኦጁሉ ነገርኳቸው። እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። የሚጠግኑትን ሞተር ትተው፣ እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ ቆዩና ፊታቸውን ኮስተር አደረጉ።

«ዘመዱ ከሆንኩ» አሉ፣ «ለልጁ ሰርግ ለምን ሳይጠራኝ ቀረ?»

«ቢጠራህስ ልትሄድ ነበር?» አለቻቸው ድንቂቱ ከጓዳ።

«እንዴት አልሄድ? ከረባቴንም አስር ነበር።»